የእናቶቻችን የስፌት መኪና ለምን ያስቸግራል? መልሱ ታሪኩ ውስጥ አለ



ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው አንዲት እናት በእግር የሚረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና በጋሪ አስጭነው ወደ መስጂዳችን ላኩልን። «እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ ለሴት ልጆቹ መማሪያ ይሁን» ብለው ነበር። አልሐምዱሊላህ ብለን ተቀበልን። መኪናው ግን አልሰፋ አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጋና ይዘላል። ጨርቁን ገልብጠን ስናየው ከሥሩ የተዘበራረቀ የክር ጉንጉን ተቋጥሯል። ለአንድ ሠራተኛ አሳየነው። ከፍቶም ሳያየው «ውስጡ አልቋል፤ በብረት ዋጋ ልውሰድላችሁ» አለን። ቁራሌው በየሳምንቱ በበራችን ስለሚያልፍ፣ ለእሱ ሰጥተን እንገላገል ያለም ከመካከላችን አልጠፋም።

እንዴት እንደዳነ በኋላ እንመለስበታለን። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር አስገረመን። ከእኛ ውስጥ በዚህ መኪና ገቢ ያላደገ ጥቂት ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የዒድ ጀለቢያ፣ የእህቶቻችን ሒጃብ፣ የመጋረጃ ጠርዝ፣ ሁሉም ያለፈው በእሱ ሥር ነው። አባት ሥራ ፈትቶ ወይም ወደ አኺራ ሄዶ እናት በአንድ መኪና አምስት ልጅ ያሳደገችበትን ቤት የማያውቅ ሰፈር የለም። ያ መኪና ለዒድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሲቆም የሚቆመው ብረት ብቻ አይደለም። እኛ ልጆቹ ግን እንዴት እንደሚሰፋ ጠይቀን አናውቅም። ስልካችን ሲበላሽ ሌሊቱን ሙሉ መፍትሔ ስንፈልግ እናድራለን። የእናታችን መኪና ሲበላሽ ግን በፌስታል ሸፍነን ጥግ እናስይዘዋለን።

ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን የታሪክ ጽሑፍ ነው፤ ግን መርፌና ካቻቢቴ ያለበት ታሪክ። ስናነብ ያስተዋልነው ይህን ነው፤ ዛሬ ቤት ውስጥ መኪናውን የሚያስቆሙት ችግሮች ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ፈልሳፊዎች እንቅልፍ የነሱት እነዚያው ችግሮች ናቸው። ክር መዝለል፣ ክር መላላት፣ ጨርቅ አልሄድ ማለት። እነሱ እያንዳንዱን በምን እንደፈቱት ካወቅን የትኛውን ቦታ መጀመሪያ ማየት እንዳለብን እናውቃለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥሩ እንጀምር። በእጅ ስንሰፋ መርፌው ሙሉ በሙሉ ጨርቁን አልፎ ይወጣል፤ እኛ ከሥር ተቀብለን እንመልሰዋለን። የመርፌው ዓይን ከኋላው፣ ጫፉ ከፊቱ ነው። መኪና ግን ከሥር ሆኖ የሚቀበል ጣት የለውም። መርፌው ወርዶ በመጣበት መንገድ መመለስ አለበት። ታዲያ ክሩስ? አብሮት ከተመለሰ ምንም አልተሰፋም። ብዙ ብልህ ሰዎች የእጅን አሰፋፍ በብረት ሊቀዱ ሞክረው የከሸፉት እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለ መኪና የሠራው ባርተለሚ ቲሞኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ ነው። መብቱን ያስመዘገበው በ1830 ነበር። የእሱ መርፌ ጫፉ ላይ መንጠቆ ነበረው፤ ወርዶ ከሥር ያለውን ክር ጠልፎ ያወጣና እያንዳንዱን ቀለበት በቀጣዩ ውስጥ ያሳልፋል። ይህን ስፌት ሁላችንም እናውቀዋለን። የስኳር ወይም የዱቄት ጆንያ አፍ የተሰፋበት ያው የሰንሰለት ስፌት ነው። ትክክለኛውን ጫፍ ካገኛችሁት አንድ ጊዜ ስትስቡት ተርተር ብሎ እስከ መጨረሻው ይፈታል። ለጆንያ ይህ ጸጋ ነው፤ ለሱሪ ግን መከራ ነው።

ቲሞኒዬ ፓሪስ ውስጥ 80 ያህል መኪናዎች ተተክለውበት የፈረንሳይን ጦር ልብስ የሚሰፋ ሥራ ቤት አቋቋመ። በ1831 የከተማው ልብስ ሰፊዎች «እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው» ብለው ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሯቸው። እሱ ግን አልተወም፤ መኪናውን እያሻሻለ ኖረ። በ1857 ሲሞት ድሃ ነበር። በእነዚያ ልብስ ሰፊዎች ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። ቤቱ የሚራብ ሰው መዶሻ ሲያነሳ ምክንያቱ ይገባናል።

ከእሱ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1833 ገደማ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ዋልተር ሃንት የሚባል ሰው ቋጠሮውን ፈታው። ዓይኑን ከመርፌው ቂጥ አንስቶ ወደ ጫፉ አመጣው። መርፌው ክሩን ይዞ ይወርዳል፤ ትንሽ ከፍ ሲል ክሩ ከሥር ላላ ብሎ ቀለበት ይሠራል፤ በዚያ ቅጽበት ሁለተኛ ክር የያዘች መወርወሪያ በቀለበቱ ውስጥ ታልፋለች። ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መካከል ላይ ይቆላለፋሉ። ዛሬ በየቤታችን ያለው መኪና የሚሰፋው በዚሁ መንገድ ነው። አንዱን ክር ብትስቡት ሌላው ይይዘዋል፤ እንደ ጆንያው አይፈታም።

ሃንት ግን መብቱን ሳያስመዘግብ ተወው። ልጁ «ይህ ነገር በመርፌ የሚተዳደሩ ሴቶችን ሥራ ያሳጣል» ብላ እንደተቃወመችው ይተረካል። በሃገሩም በባሕር ማዶም ያው አንድ ፍርሃት ነበር ማለት ነው። ሰውዬው ሌላ ብዙ ነገር ፈልስፏል፤ እህቶቻችን ሒጃባቸውን የሚያስይዙባት፣ ጫፏ የሚከደን የመርፌ ቁልፍም መብት በ1849 የተመዘገበው በእሱ ስም ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኤልያስ ሃው ነው፤ የማሳቹሴትስ ሰው፣ የመካኒክ ሥራ ቤት ተቀጣሪ፣ ከልጅነቱ እግሩ የሚያነክስ። በ1845 ቦስተን ውስጥ መኪናውን ከአምስት ፈጣን የሴት ሰፊዎች ጋር አወዳድሮ አሸነፈ፤ በደቂቃ 250 ጊዜ ይወጋ ነበር። በመስከረም 1846 መብቱን አስመዘገበ። ነገር ግን የሚገዛው አልተገኘም። እንግሊዝ ሄዶ ለአንድ ፋብሪካ ባለቤት ሠራ፣ ተጣሉ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሚስቱ በሞት አፋፍ ላይ ነበረች። እሱ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ሌሎች በእሱ ሐሳብ መኪና ሠርተው ይሸጡ ጀምረዋል።

ስለ ሃው አንድ ወሬ በየስልኩ ይዞራል፤ በሕልሙ ሰዎች ጫፋቸው የተበሳ ጦር ይዘው መጡበትና የመርፌው ዓይን ጫፉ ላይ መሆን እንዳለበት ገባው የሚል። ቆንጆ ወሬ ነው፤ ሰነዱ ግን የጠና አይደለም። ሃንት ያንኑ መርፌ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ሠርቶት ነበር። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቅድም ያልነው ያ ቀለበት እጅግ ትንሽ ነው፤ የሚቆየውም ለቅጽበት ነው። ከሥር የሚመጣው መንጠቆ ሊያገኘው የሚችለው መርፌው በትክክል ከቆመ ብቻ ነው። መኪናው «ስፌት ይዘላል» ስንል መንጠቆው ቀለበቱን አጣው ማለታችን ነው። ለምን አጣው? ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን መርፌው ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። ጎብጧል፣ ጫፉ ደንዝዟል፣ እስከ ላይ አልገባም፣ ወይም ተገልብጧል።

የቤት መኪና መርፌን ቀርባችሁ እዩት። ወፍራሙ ራሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ፣ በሌላው በኩል ክብ ነው። በክቡ በኩል ከላይ እስከ ዓይኑ የሚወርድ ረጅም ቦይ አለ፤ ክሩ ጨርቁን ሲያልፍ የሚተኛው እዚያ ውስጥ ነው። በጠፍጣፋው በኩል ከዓይኑ በላይ ትንሽ ጎድጓዳ አለች፤ መንጠቆው የሚጠጋው በእሷ በኩል ነው። ስለዚህ ክር ሁልጊዜ የሚገባው ቦይ ካለበት በኩል ነው። ጠፍጣፋው ወደ ኋላ ይሁን፣ ወደ ግራ ይሁን፣ ወደ ቀኝ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። በእጃችሁ መመሪያ ከሌለ ከመርፌው በላይ ያለችውን የመጨረሻዋን የክር ማለፊያ ተመልከቱ፤ እሷ ያለችበት ጎን ቦዩ የሚዞርበት ጎን ነው። መርፌውን ወደ ላይ እስኪነካ ግፉት፣ ከዚያ ብሎኑን አጥብቁ። መጉበጡን ለማወቅ ጠፍጣፋውን ጎን መስታወት ላይ አስተኙትና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት እዩ፤ ቀጥ ያለ መርፌ ከራስ እስከ ጫፍ እኩል ክፍተት አለው።

ገበያ ስትሄዱ ደግሞ ተጠንቀቁ። የፋብሪካ መኪና መርፌ ራሱ ድቡልቡል ነው፤ ጠፍጣፋ ጎን የለውም። በስህተት ተገዝቶ ቤት መኪና ውስጥ ይገባና ቀኑን ሙሉ ሲያናድድ ይውላል። ቁጥሩንም ለጨርቁ ምረጡ። ለስስ ሻሽ 9 ወይም 11፣ ለመካከለኛ ጨርቅ 14፣ ለጂንስ 16። የሚለጠጠው ጀርሲ ሒጃብ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሹል መርፌ የሚለጠጠውን ጨርቅ ክር ይቆርጣል፤ ጨርቁም ከመርፌው ጋር አብሮ ይነሳና ቀለበቱ ሳይከፈት ይቀራል። ለእሱ ጫፉ ድብልብል ያለ የጀርሲ መርፌ አለ፤ በስሙ ጠይቃችሁ ግዙ። ስንት እህት «መኪናዬ ሒጃብ አልሰፋ አለኝ» ብላ ጥላዋለች! መኪናው ምንም አልሆነም።

ወደ ሦስተኛው ሰው እንለፍ። አይዛክ ሜሪት ሲንገር፤ እኛ «ሲንጀር» የምንለው። ስሙ የመኪናው ስም እስኪመስል ድረስ ገነነ እንጂ ሰውዬው መጀመሪያ ተዋናይ ነበር። የግል ሕይወቱ ለምሳሌ የሚጠቀስ አይደለም፤ እናልፈዋለን። ሥራው ግን ሊነገር ይገባል። በ1850 ቦስተን ውስጥ በኦርሰን ፌልፕስ ሥራ ቤት ሳለ ለጥገና የሚመጡ የሌሎች መኪናዎችን አየ። መወርወሪያዋ በክብ መዞሯን ትታ በቀጥታ መስመር ብትመላለስ፣ መርፌውም ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ቢወጋ ይሻላል አለ። ጆርጅ ዚበር የሚባል ሰው 40 ዶላር አበደረው። ሌት ተቀን ሠርተው በ11 ቀን ጨረሱ።

መኪናው ተገጣጠመ፤ አልሰፋም። ሠራተኞቹ ተስፋ ቆርጠው አንድ በአንድ ወጡ። ሲንገርና ዚበር እኩለ ሌሊት ገደማ መብራቱን አጥፍተው ወደ ማረፊያቸው ሲሄዱ መንገድ ላይ ከሳንቃ ክምር ላይ ተቀመጡ። ዚበር «ጨርቁ ላይ የቀሩት የላሉ ቀለበቶች ከመርፌው ክር የመጡ መሆናቸውን አይተሃል?» ብሎ ጠየቀው። ያን ጊዜ ሲንገር ብድግ አለ። የመርፌውን ክር ማጥበቅ ረስተው ነበር! ተመልሰው ሄዱ፤ አጠበቁት፤ መኪናው አምስት ስፌት አሳምሮ ሰፍቶ ክሩ ተበጠሰ። ለእነሱ ግን ያ በቂ ነበር። መብቱ በነሐሴ 1851 ተመዘገበ።

ይህን ሲንገር ራሱ በኋላ ያወራውን ታሪክ ስናነብ ሳቅንም አፈርንም። በዓለም ላይ ስሙ የገነነው መኪና የመጀመሪያ ብልሽቱ ብረት አልነበረም፤ ያልጠበቀ ክር ነበር። እኛም መስጂድ ውስጥ «ውስጡ አልቋል» ያልነው ይህንኑ ነው።

የላይኛው ክር በሁለት ትንንሽ ክብ ሳህኖች መካከል ያልፋል፤ ሞላ እየተጫናቸው ክሩን ቆንጠጥ አድርገው ይይዙታል። የጨርቁን ሥር ስታዩ ክሩ ከተንጨባረረ አብዛኛው ሰው «የታችኛው ክር ተበላሸ» ይላል። ተገላቢጦሽ ነው። ከሥር የሚንጨባረረው ከላይ ያልተያዘው ክር ነው። ከላይ በኩል ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ የታችኛው ክር ነጥብ ነጥብ እያለ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ የላይኛው በዝቶ ጠብቋል፤ ወይም የታችኛው ከሞላው ሥር አልገባም።

ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ግን ክሩን አውጥታችሁ እንደገና አስገቡ። ብዙዎች የማያውቁት ነገር እዚህ አለ። ክር የሚገባው ጨርቅ የሚጫነው እግር ወደ ላይ ተነስቶ ነው። እግሩ ሲወርድ ሳህኖቹ ይጠብቃሉ፤ በዚያ ጊዜ ክር ብታስገቡ ከላያቸው ያርፋል እንጂ በመካከላቸው አይገባም። ላይ ታች የምትለዋን የክር መሳቢያ ክንድም ወደ ላይኛው ጫፍ አምጧትና ክሩን በቀዳዳዋ አሳልፉ። እሷን ከዘለላችሁ ሁለት ስፌት ሳይሞላ ሥሩ ይቋጠራል። መስፋት ስትጀምሩም የሁለቱን ክሮች ጫፍ ለሦስት አራት ስፌት ወደ ኋላ ያዝ አድርጉ።

የታችኛው ክር የሚጠመጠምባት ቦቢን ያለችበትን የብረት ቤት በክሩ አንጠልጥሉት። በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ከወደቀ ላልቷል፤ እጃችሁን ትንሽ ስታነቃንቁት ጥቂት ወርዶ ከቆመ ደህና ነው። ጭራሽ ካልወረደ ጠብቋል፤ ወይም ከሞላው ሥር ቆሻሻ ገብቷል። ትንሿን ብሎን ማዞር ግድ ከሆነ የመነሻ ቦታዋን በወረቀት ላይ ሳሉና በጣም በጥቂቱ አዙሩ። እኛ ይህን ሳናደርግ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን አቃጥለናል።

ቀጣዩን ሰው ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኛ ግን ከሁሉም አብልጠን የወደድነው እሱን ነው። አለን ዊልሰን፤ የዕቃ ቤት እንጨት ሠራተኛ፣ ጤናው የደከመ። በመወርወሪያዋ ፈንታ የሚሽከረከር መንጠቆ በ1851፣ ጨርቅ የሚያስኬደውን ጥርስ ደግሞ በ1854 አስመዘገበ። ከእሱ በፊት ጨርቅ ማስኬድ ራስ ምታት ነበር። በሃው መኪና ጨርቁ ሾህ ባለበት የብረት ሳንቃ ላይ ተሰክቶ ይሄዳል፤ ሳንቃው ሲያልቅ መኪናው ይቆማል፣ ጨርቁ ተነቅሎ እንደገና ይሰካል። ዊልሰን ከመርፌው ሥር አራት እንቅስቃሴ ያለው ጥርስ አደረገ፤ ይነሳል፣ ወደ ፊት ይገፋል፣ ይወርዳል፣ ከሥር ተመልሶ ይመጣል። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ሳለ ጥርሱ ሥራ ያቆማል። የዛሬ መኪናዎች፣ ኤሌክትሪክ የሆኑትም ጭምር፣ ይህንኑ ያደርጋሉ።

ጨርቁ አንድ ቦታ ቆሞ ሲወጋጋ ታዲያ የዊልሰንን ጥርስ ጠይቁ። ከመርፌው ሥር ያለውን የብረት ሳህን ፍቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብሎን ነው። በጥርሶቹ መካከል የታመቀ የክር ብናኝ ታገኛላችሁ፤ አንዳንዴ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ሙሉውን ይነሳል። ጥርሱ ከእሱ በላይ መነሳት አቅቶት ነው ጨርቁ የቆመው። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፤ በአፋችሁ አትንፉበት፣ ትንፋሽ እርጥበት አለውና ያዝጋል። የስፌት መጠን መቀየሪያው ዜሮ ላይ አለመሆኑንም እዩ፤ ልጅ ነክቶት ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨርቅ በእጅ አትጎትቱ። እጅ መንገድ ያሳያል እንጂ አይጎትትም፤ መርፌ የሚጎብጠውና ብረቱን መትቶ የሚሰበረው በመጎተት ነው።

እነዚህ ሰዎች ከዚያ በኋላ ተካሰሱ። ሃው ሁሉንም ከሰሰ፣ አሸነፈም። ሁሉም በየእጁ አንዳንድ ቁራሽ ስለያዘ ማንም ብቻውን ሙሉ መኪና መሥራት አልቻለም። በ1856 መብታቸውን በአንድ ላይ አድርገው ተስማሙ፤ ከሚሸጠው መኪና ሁሉ ሃው ድርሻ ያገኝ ነበርና ድሃው ሰው ባለጸጋ ሆነ። በዚያው ዓመት የሲንገር ኩባንያ ጥቂት ከፍሎ የቀረውን በየወሩ የመክፈል ሽያጭ ጀመረ። በ1877 የመጨረሻዎቹ መብቶች ጊዜያቸው ሲያልፍ ዋጋው ወረደ፤ መኪናው ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ድሃ ቤት ገባ።

ለእኛ የሚጠቅመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ቀጥ ያለ፣ ክብ ቦቢን ያለው፣ «15» የሚባለው የሲንገር ሞዴል ከሁሉም በላይ ተቀዳ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች በብዛት ሠሩት፤ ቻይናዎች ተከተሏቸው። በሻንጋይ የሚሠራውን ቢራቢሮ ያለበትን ጥቁር መኪና አስታውሱ። መኪናችሁ ሌላ ስም ቢጻፍበትም መርፌው በአብዛኛው «15×1» ወይም «ኤችኤ×1» ተብሎ የሚሸጠው ያው ነው። «የዚህ ዕቃው የለም» የሚላችሁን ሰው ቶሎ አትመኑ።

ወደ ሐረር እንሂድ። ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ ስትወርዱ የምታልፉበት ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከመኪናዎቹ ድምፅ ነው። እኛ ዛሬ «መኪና» ስንባል የሚታየን ባለ አራት ጎማው ነው። በሐረር ግን መንገድ በስሙ የተጠራው የሚሰፋው መኪና ነው።

ቆሞ ያዳመጠ ሰው እዚያ ይማራል። ደህናው መኪና እኩል፣ ለስላሳ ድምፅ አለው። መርፌ በገባ ቁጥር «ጠቅ» የሚል ከሆነ ጫፉ ደንዝዟል፤ መርፌ በየጊዜው ይቀየራል፣ የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም። ደረቅ ጩኸት ካለው ዘይት አጥቷል። ዘይቱ ነጩ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፤ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቀዳዳ ሁሉ አንድ ጠብታ ይበቃል። የምግብ ዘይት አድርጎ የሚያውቅ ካለ አላህ ይዘንለት፤ ከጥቂት ወር በኋላ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ብዙ ዘመን ቆሞ የደረቀውን በእግር የሚረገጥ መኪና በየቀዳዳው ላምባ ጠብ አድርጋችሁ በፍጥነት አዙሩት፣ ጥረጉት፣ ከዚያ በዘይት ተኩት። የቆዩት የሲንገር መመሪያዎች ራሳቸው የሚመክሩት ይህንኑ ነው። እሳትና ሲጋራ ባለበት ግን አይሁን፤ ሞተር ባለው መኪና ላይም አታድርጉት። ኤሌክትሪኩንም ሶኬቱን ሳትነቅሉ አትክፈቱት።

መዘውሩ እየዞረ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ አትደንግጡ። ቦቢን ስትሞሉ ያላላችኋትን የመዘውሩን መካከለኛ ቁልፍ መልሳችሁ አላጠበቃችሁም። ስትረግጡት ቺንጋው የሚንሸራተት ከሆነ ቆዳው ረዝሟል፤ ጥቂት ቆርጣችሁ በዚያው ሽቦ መልሳችሁ ያዙት። መዘውሩም ሁልጊዜ ወደ ሰፊው ይዙር፤ ወደ ኋላ የተረገጠ መኪና ክር ይበላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከዘለለ መንጠቆው ከመርፌው ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ተዛብቶ ይሆናል። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ እኛም እጃችንን እንሰበስባለን።

የመስጂዳችን መኪና ግን እዚያ አልደረሰም። ከተራዊሕ በኋላ አንድ ምሽት ሁለት ሆነን ተቀመጥን። መርፌው ተገልብጦ ገብቶ ነበር፤ ቦዩ ወደ መንጠቆው ዞሯል። አዙረን አስገባነው። ክሩን አወጣን፣ እግሩን አነሳን፣ ሳህኖቹን ከፈት አድርገን በጨርቅ ስንጠርጋቸው በመካከላቸው የተበጠሰ አሮጌ ክር ተሰንቅሮ አገኘን፤ ቀይ ነበር፤ ማን ያውቃል የስንት ዓመት ዩኒፎርም ክር ነው። ከሥር ያለውን ብናኝ አወጣን። ዘይት ጠብ ጠብ አደረግን። መጀመሪያ አሥር ስፌት፣ ከዚያ የአንድ ክንድ ርዝመት፤ ገልብጠን ስናየው ሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ነው። የወጣብን ለአንድ ፓኮ መርፌና ለአንዲት ጠርሙስ ዘይት የከፈልነው ብቻ ነው።

ከዒድ በፊት በነበረው ሳምንት ልጆቹ የሴቶችን መስገጃ መጋረጃ በእሱ ጠመዘዙት። በሦስተኛው ቀን አንዷ ጨርቅ ጎትታ መርፌ ሰበረች። ሊጠሩን ሲመጡ፣ እሷ ቀድማ አዲሱን መርፌ አውጥታ ጠፍጣፋውን ጎን በጣቷ እየፈለገች ነበር።